ሲጥ ሲጥ

አሥር ሰዓት ሲሆን፣ ፀሐዩ ሲበርድ፣
ከሽምብጥ ቁልቁል፣ በጣና ዳር መንገድ፣
ልየው ጆንያውን ከሾላው ሥር ዘርግቶ፣
አሥር ቁጥር ኪያቤ፣ ፒንሳ፣ ማስቲሽ አውጥቶ
ይቀመጣል። እኛም አንድ በአንድ እንመጣለን፣
ሳይክላችን ያመመን።

የኔ ሕመም ድምፅ ነው።
ሲጥ ሲጥ ይላል ሁሌ፣ ፔዳሉን ስረግጠው።
ሦስት ወር ሊሞላው ነው። የማታ ፈረቃዬን ከፋብሪካ ጨርሼ
ስመለስ፣ የሰፈሩን ውሻ እገባለሁ ቀስቅሼ።

«ኩሽኔታ ነው» አለኝ ልየው፣ ቀና ብሎ ሳያየው።
«ሰው ግሪስ ይሰስታል፣ ለጎማ ሲለፋ፤
ኳሷ ደርቃ ስትፈጭ፣ እሱ ጎማ ሲነፋ።»

ደባስ ዓሣ ጫኙ፣ ሳጥኑን ከፖርታፓኮ ሳያወርድ ገና፣
«የለም» አለ፣ «አሸዋ ነው፤ አመሉ ነው የጣና።
ካቴናውን በነጭ ጋዝ እጠብ፤ ከዚያ ወዲያ ጠብታ ዘይት።
ጠብታ ነው ያልኩህ! ወጥ አይደለም የምትሠራለት።»

ይበልጣል ተማሪ ነው፣ ከፖሊ የመጣ፤
«የኑግ ዘይት ብቻ እንዳትቀባ! የአቧራ ጣጣ!
እኔ ቀብቼ አይቻለሁ። በሳምንቱ ካቴናዬ
አተላ መስሎ ነበር፤ ምስክር ይሁን ሱሪዬ።»

ጥሩአየሁ አስተማሪዋ፣ የቀሚሷን ጫፍ በፀጉር ላስቲክ አስራ
(ከቸርኬ የሚያስጥል የራሷ ፈጠራ)፣
«ወንድ ሁሌ ከታች ይፈልጋል፤ ድምፁ ከላይ ቢሆንስ?
የኮርቻው ሞላ ላልቶ እንዳይሆን፤ ቆመህ ንዳና ስማው፣ እስቲ ሂድ መለስ።»

ቆሜ ነዳሁ። ጮኸ።
ተቀምጬ ነዳሁ። ጮኸ።
እስከ ዘንባባው ደርሼ ስመለስ
ደባስ ሆዱን ይዞ ነበር።

መሀል ላይ አንድ ልጅ መጣ፣ ጎማው እንደ ጨርቅ ተኝቶ።
«ስድስት ጊዜ አስለጠፍኩት» አለ፣ ዕንባው ሊመጣ ጥቂት ቀርቶ።
ልየው ከመነዳሪውን ነፍቶ ጣና ውስጥ ነከረው፤
አረፋው ከየት እንደሚወጣ ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየነው።
«ባልዲ የለህም ወይ ይሉኛል፤ ባልዲ ምን ይሠራል?
ሐይቅ ሙሉ ውኃ ቁጭ ብሎልኛል።»
ከዚያ የጎማውን ሆድ በጣቱ ቀስ ብሎ ዳሰሰ፤
የዘንባባ እሾህ፣ ከቅንድብ የቀጠነ፣ ነቅሎ ወደኛ መለሰ።
«ቀዳዳውን ለጥፈህ የወጋህን ካልነቀልከው
ነገም እዚሁ ነህ። ለኔ ደግ ነው፤ ላንተ ነው የሚከፋው።»

ከዘጌ በኩል ጠቆረ።
የዝናብ ነገር ተነሣ፤ ፍሬኑን ቀድሞ ነካ ነካ ስለማድረግ፣
ላስቲኩ ውኃውን እንዲተፋ፤ ከባጃጅ ኋላ ስላለመጠጋት፣
ተሳፋሪ ባየ ቁጥር ቀጥ ስለሚል።
ልየው አይሰማም። የግራ ፔዳሌን ፈትቷል።
«ይኸው» አለ በመጨረሻ። አንዲት ኳስ ጎድላለች፣
ከጤፍ ትንሽ የምትበልጥ፤ ሦስት ወር ያስጮኸችኝ እሷ ነች።

ያን ሌሊት በስድስት ሰዓት እንደ ሌባ ገባሁ፤
ውሻ እንኳ አልነቃብኝ፤ በዝምታዬ ኮራሁ።
በሬ ግን ዝግ ነው።
ሁልጊዜ ስደርስ ገርበብ ብሎ የሚቆየኝ በር
(ማን እንደሚከፍተው ጠይቄ አላውቅም ነበር)።
አንኳኳሁ። ደገምኩ። የሺወርቅ በጋቢ ተጠቅልላ
ወጣችና፣ እኔን አይደለም፣ ፔዳሉን አየች ጎንበስ ብላ።
«ሲጥ ሲጡስ?»
«ተሠራ።»
«እኔ እኮ ከወፍጮ ቤቱ ስትታጠፍ ነው መቀርቀሪያውን የምስበው፤
ዛሬ መንገድ አስቀረህ ብዬ፣ ይኸው ዓይኔን ሳልከድነው።»

በማግስቱ ሾላው ሥር ቀድሜ ተገኘሁ።
«ምነው፣ ተመልሶ ጮኸ?» አለ ልየው።
«አልጮኸም። እሱ ነው የቸገረኝ። ደወል አለህ?»
ደባስ፣ ሳጥኑን ከፖርታፓኮ ሳያወርድ ገና፣
«የለም» አለ፣ «ደወል ከሆነ፣ እኔን ስማኝና...»